በማናየው ሰው ፊት መታመን
(ያገለገሉ ጥንታዊ ብስክሌቶችን በኢንተርኔት ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ የቀረበ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ስለ ሐቀኝነት ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ትልልቁን ነገር ነው። ስለ ሐሰት ምስክርነት፣ ስለ ጉቦ፣ ስለ መሐላ እንነጋገራለን። ይሁን እንጂ የእኛ የወጣቶች ሐቀኝነት በብዛት የሚፈተነው በፍርድ ቤት ሳይሆን በገበያ፣ ያውም በትንሹ ገበያ ነው። ዛሬ ደግሞ ገበያው በእጃችን በያዝነው ስልክ ውስጥ ገብቷል። በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በመሳሰሉት ላይ አንዱ ፎቶ ለጥፎ ይሸጣል፤ ሌላው ፊቱን እንኳ ሳያይ ይገዛል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ዕቃ ብቻ መርጠን፣ ይኸውም ያገለገለ ጥንታዊ ብስክሌት፣ በእርሱ አማካይነት ስለ መታመን ጥቂት እንማማራለን።

ለመሆኑ ብስክሌትን ለምን መረጥን? ምክንያታችን ሦስት ነው። አንደኛ፣ እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ከተሞች ብስክሌት የተማሪና የሠራተኛ መጓጓዣ ስለሆነ ነገሩ ለብዙዎቻችን ሩቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ የአሮጌ ብስክሌት ጉድለት በቀለም ሥር ሊደበቅ ይችላል፤ ጉድለቱም ሰው ሊያቆስል፣ ሊገድልም ይችላል። ሦስተኛ፣ የጥንታዊ ብስክሌት ዋጋ ግማሹ ብረቱ ነው፤ ግማሹ ታሪኩ ነው። ታሪክ ደግሞ ለመዋሸት ቀላል ነው።

ሀ/ ጥንታዊ ብስክሌት ሲባል ምን ማለት ነው?

ብስክሌት በአውሮፓና በአሜሪካ በስፋት መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። የፈረንሳዩ ፔጆ በ1882፣ የኢጣሊያው ቢያንኪ በ1885፣ የአሜሪካው ሽዊን በ1895 እ.ኤ.አ. ብስክሌት መሥራት ጀምረዋል። የእንግሊዙ ራሊም በኖቲንግሃም ከተማ በ1880ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተ ነው። በኋላም በ1950 እ.ኤ.አ. በቻይና የቲያንጂን ከተማ በራሪ እርግብ የተባለው ብስክሌት ተሠራ። አገራችንም ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1956 እ.ኤ.አ. የሜልቦርን ውድድር፣ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌት ጋላቢዎች ከሯጮቻችን ጋር ተሰልፈው ነበር። ስለዚህ አሮጌ ብስክሌት ለአንዳንዱ ሰው ቁራጭ ብረት ሲሆን፣ ለሌላው የአንድ ዘመን መታሰቢያ ነው።

የነገሩ ፈተናም እዚህ ላይ ይጀምራል። በአንድ ግቢ ውስጥ ዝጎ የቆመውን ብስክሌት ቆራሌው በኪሎ መዝኖ ሊወስደው ይችላል። ያው ብስክሌት በውጭ አገር ለሚሰበስብ ሰው ብዙ እጥፍ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው በማያውቅበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ሐሰት በር ታገኛለች።

ለ/ ገበያው ወደ ስልክ ሲገባ ምን ተለወጠ?

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን ይገልጣሉ፣ ሰኮናዋን ያነሣሉ፣ ጥቂትም ያስኬዷታል። እኅቶቻችንም እህል ሲገዙ በእጃቸው ዘግነው ያያሉ። ኢንተርኔት ግን ዓይንን በከፊል፣ እጅን ፈጽሞ ከገበያው አስወጥቷል። የቀረው ፎቶና ቃል ነው። ፎቶውንም የሚመርጠው ሻጩ ነው። እንግዲህ በእጅ መዳሰስ በቀረበት ቦታ፣ የሻጩ ቃል ራሱ የዕቃው አንድ ክፍል ሆኗል ማለት ነው። ቃሉ የተበላሸ እንደሆነ ዕቃው ተበላሽቷል።

ይህን ነገር ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ላይ ባገለገሉ መኪናዎች ምሳሌነት አስረድተዋል። በ2001 እ.ኤ.አ.ም በዚህ ዘርፍ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሊቃውንት አንዱ ሆነዋል። አሳባቸውን ወደ ብስክሌት ብናመጣው እንዲህ ነው። አሥር ብስክሌቶች ለሽያጭ ቀርበዋል እንበል። አምስቱ ደኅና ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 20,000 ብር ያወጣሉ። አምስቱ ጉድለታቸው የተደበቀ ነው፤ ዋጋቸው 8,000 ብር ብቻ ነው። ገዥው መለየት ካልቻለ፣ እንዳይጎዳ ፈርቶ አማካዩን 14,000 ብር ብቻ ይሰጣል። በዚህ ጊዜ የደኅናው ብስክሌት ባለቤት፣ «20,000 የሚያወጣውን በ14,000 አልሰጥም» ብሎ ዕቃውን ይዞ ይወጣል። በገበያው የሚቀሩት የተበላሹት ብቻ ይሆናሉ። ገዥውም ይህን ሲረዳ ዋጋውን እንደገና ያወርዳል።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። የሚዋሽ ሻጭ የሚጎዳው አንዱን ገዥ ብቻ አይደለም። እውነተኛውን ሻጭ ከገበያው ያስወጣል፤ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ እንዲጠራጠር ያደርጋል። በአንጻሩ ደግሞ ጉድለቱን ሳይደብቅ የሚናገር አንድ ሻጭ ለብዙዎች በር ይከፍታል።

ለዚህ አንድ የታወቀ ታሪክ እንጥቀስ። ዛሬ ኢቤይ የሚባለው ትልቅ የኢንተርኔት ገበያ በ1995 እ.ኤ.አ. በፒየር ኦሚድያር ሲመሠረት፣ መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም የሄደ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር። መሥራቹ፣ ዕቃው የተሰበረ መሆኑን ገዥው አውቆ እንደሆነ ጠየቀው። ገዥውም የተሰበሩትን እንደሚሰበስብ ነገረው። ይህ ነገር የሚያስገርም ነው። ብዙዎቻችን ጉድለቱን ከተናገርን የሚገዛን እናጣለን ብለን እንፈራለን። ነገር ግን ለተሰበረው ዕቃ እንኳ፣ እንደ ተሰበረ ተነግሮት የሚፈልገው ሰው አልታጣም።

ሐ/ የሻጭ ፈተናዎች

የሻጭ ውሸት ሁልጊዜ ግልጥ ውሸት አይደለም። ብዙውን ጊዜ በሦስት መንገድ ይመጣል።

1ኛ/ በመደበቅ። ከፊት የተጋጨ ብስክሌት ብዙ ጊዜ ከመሪው በታች ባለው መገጣጠሚያ አጠገብ፣ በታችኛው ቱቦ ላይ ትንሽ እብጠት ወይም የቀለም ስንጥቅ ይታይበታል። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካም ወደ ኋላ ይጎብጣል። ይህን በስቱኮ ሞልቶ አዲስ ቀለም መቀባት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ነገር ግን ያ ሹካ ቁልቁለት ላይ ቢሰበር፣ የገዛው ወንድማችን የሚወድቀው በፊቱ ነው። እንዲህ ያለውን ጉድለት መደበቅ ገንዘብ መስረቅ ብቻ ሳይሆን በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

2ኛ/ ታሪክ በመጨመር። «ኦሪጅናል ነው»፣ «እንደ አዲስ ነው»፣ «ዛሬ የማይገኝ ብርቅ ነው» ማለት በገበያው የተለመደ ነው። ለምሳሌ ሬይኖልድስ 531 የሚባለው የእንግሊዝ ብረት ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጥሩ ብስክሌት መሥሪያነት የታወቀ ስለሆነ፣ ምልክቱ የተለጠፈበት ብስክሌት ዋጋው ከፍ ይላል። ነገር ግን ምልክቱ ወረቀት ነው፤ ዛሬ አዲስ አሳትሞ መለጠፍ ይቻላል። እውነተኛው ምልክት እንኳ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ዋና ዋናዎቹ ቱቦዎች ብቻ፣ ሌላው ሹካውና የኋላዎቹም ጭምር ከዚያ ብረት እንደ ተሠሩ ይናገራል። የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ የሚናገር ሻጭ ዋሽቷል፤ ነገሩ በአጋጣሚ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ በደፈናው ተናግሯል።

3ኛ/ በመማል። ይህ በተለይ እኛን ይመለከተናል። «ማርያምን አልተነካም!»፣ «እግዚአብሔርን ይህን ያህል አውጥቼበታለሁ!» የሚለው ቃል ከገበያችን አልጠፋም፤ አሁን በስልክ ጽሑፍም ሆኖ ይላካል። ጌታችን በተራራው ስብከት (ማቴዎስ ምዕራፍ 5) ያለ መሐላ ቀጥተኛ ቃል እንድንናገር አስተምሮናል። በቅዱስ ስም ምለን የብስክሌት ዋጋ የምናስጨምር ከሆነ፣ ስሙን የመነገጃ ዕቃ አድርገነዋል። ቃላችን ያለ መሐላ የማይታመን ከሆነም መታረም ያለበት ኑሮአችን ነው።

እስቲ ለአንድ ብስክሌት የተጻፉ ሁለት ማስታወቂያዎችን እናስተያይ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

«ብርቅ የእንግሊዝ ብስክሌት፤ የ1968 ኦሪጅናል፤ ምንም ያልተነካ፤ ፈጥኖ ለመጣ ብቻ!»

ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ይላል፦

«የእንግሊዝ ሥሪት ባለ ሦስት ማርሽ ብስክሌት። የኋላው ሞዞ ላይ 68 የሚል ቁጥር ተመትቷል፤ ጎማው ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል ብስክሌቱ ራሱ በዚያ ዓመት ስለ መሠራቱ ማረጋገጫ የለኝም። ቀለሙ በኋላ የተቀባ ነው። ኮርቻውና ፔዳሉ አዲስ ናቸው። የፊት ሹካው በብየዳ የተጠገነ ስለሆነ ሳይለወጥ እንዲነዳ አልመክርም። የእያንዳንዱ ፎቶ ተያይዟል።»

የመጀመሪያው ፈጥኖ ይሸጣል ይሆናል። ሁለተኛውን ግን የገዛው ሰው ምን እንደ ገዛ ያውቃል፤ ሹካውን ለውጦ በሰላም ይነዳል፤ ሻጩም የማያውቀው የስልክ ቁጥር ሲደውልለት አይደነግጥም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ «አላውቅም» የሚለውን ቃል በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የማናውቀውን አላውቅም ማለት ሐቀኝነት ነው። አውቀን ሳለ ከጥያቄ ለማምለጥ አላውቅም ማለት ግን ውሸት ነው። እንዳናውቅ ሆን ብለን አለመመርመርም የዚሁ ወንድም ነው።

መ/ የገዥ ፈተናዎች

ስለ ሻጭ ብቻ ተናግረን ብንተው ግማሽ እውነት ይሆንብናል። ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌ መጽሐፉ በምዕራፍ 20 ላይ ሲገዛ ዕቃውን የሚያጣጥል፣ ገዝቶ ሲሄድ ግን በግዢው የሚመካ ሰው እንዳለ ያነሣል። ይህ ሰው ዛሬም አለ። «ይህማ ለቆራሌ ነው የሚሆነው» ብሎ ይገዛና፣ በማግስቱ ያንኑ ብስክሌት «ብርቅ ጥንታዊ» ብሎ በሦስት እጥፍ ዋጋ ይለጥፈዋል።

አንድ ከባድ ጥያቄ እንጠይቅ። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ብስክሌት በ2,000 ብር ሊሸጡ ፎቶውን በልጃቸው ስልክ አስለጠፉ እንበል። እኛ ስናየው ብዙ የሚያወጣ የኢጣሊያ የውድድር ብስክሌት ነው። ዝም ብለን በጠየቁት ዋጋ ብንገዛ በደል ነው ወይስ አይደለም?

አንዳንዱ፣ «ዋጋውን የጠሩት እርሳቸው ናቸው፤ እኛ አልዋሸንም፤ ዕውቀታችንም ድካማችን ነው» ይላል። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ሮማዊው ኪኬሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ፣ እህል ጭኖ ረሀብ ወደ ገባበት የሮድስ ደሴት ስለ ደረሰ ነጋዴ ይተርካል። ነጋዴው ሌሎች መርከቦች እህል ይዘው በመምጣት ላይ እንደሆኑ ያውቃል፤ ሰዎቹ ግን አያውቁም። ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ፈላስፎቹ ተለያዩ፤ ኪኬሮ ግን መንገር ይገባዋል ብሎ ፈረደ።

ከክርስቲያን መምህራንም የሰሜን አፍሪካው የሂፖ ጳጳስ አውግስጢኖስ ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ፣ አንድ መጽሐፍ እንዲገዛ ስለ ቀረበለት ሰው ያነሣል። ሻጩ የመጽሐፉን ዋጋ ባለማወቁ በጣም ትንሽ ገንዘብ ጠየቀ። ገዥው ግን ሻጩ ባልጠበቀው መጠን ተገቢውን ዋጋ ከፈለ። ይህ ሰው ያደረገውን ማንም አላስገደደውም። ሆኖም የሌላውን አለማወቅ የራሱ ሲሳይ አላደረገውም።

የእኛም መልስ ከዚህ ይወጣል። ዕውቀታችን ዋጋ አለው፤ አጽድቶ፣ ጠግኖ፣ ገዥ ፈልጎ ለሚሸጥ ሰውም የድካሙ ትርፍ ይገባዋል። ነገር ግን እኒያን እናት፣ «እማማ፣ ይህ ብስክሌት ከጠየቁት በላይ ያወጣል፤ እኔ ለማሠራትና ለማጓጓዝ ይህን ያህል አወጣለሁ፤ ስለዚህ ይህን ያህል ልክፈልዎ» ማለት ይቻላል። እንዲህ ብለን ትርፋችን ቢቀንስ የቀነሰው ገንዘብ ነው። ዝም ብንል የሚቀንሰው ግን እኛው ነን። ደግሞም ባልንጀራችን በማያውቅበት ነገር ሁሉ ፈንታችን ሊሆን አይገባም፤ ነገ እኛ በማናውቀው ነገር በሌላው እጅ እንወድቃለንና።

ሠ/ ገዥ ሊመረምራቸው የሚገቡ ነገሮች

የዋህ መሆን ማለት ሞኝ መሆን ማለት አይደለም። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ ብልህነትንና የዋህነትን አንድ ላይ አዝዟቸዋል (ማቴዎስ ምዕራፍ 10)። ስለዚህ ጥንታዊ ብስክሌት በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው እነዚህን ያስተውል፦

1ኛ/ ፎቶ። ብስክሌቱን በግራም በቀኝም፣ መገጣጠሚያዎቹን በቅርብ፣ ከሥሩም ገልብጦ እንዲያነሣልን ሻጩን እንጠይቅ። እውነተኛ ሻጭ በዚህ አይቆጣም። በዚያው ዕለት የተነሣ ለመሆኑ ስማችን የተጻፈበት ወረቀት አጠገቡ አድርጎ እንዲያነሣ መጠየቅም ይቻላል፤ ከሌላ ሰው ማስታወቂያ የተወሰደ ፎቶ በዚህ ይታወቃል።

2ኛ/ ማግኔት። ብስክሌቱን በአካል ለማየት ስንሄድ ትንሽ ማግኔት በኪሳችን እንያዝ። ማግኔት ከብረት ቱቦ ጋር አጥብቆ ይጣበቃል። በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ከደከመ ቀለሙ ሥር ስቱኮ ሊኖር ይችላል። ከአሉሚኒየም ጋር ግን ፈጽሞ አይጣበቅም።

3ኛ/ የደረቀ መጋጠሚያ። የኮርቻው ምሰሶና መሪው ከፍና ዝቅ ይሉ እንደሆነ መሞከር ነው። አሉሚኒየሙ ከብረቱ ጋር ለብዙ ዓመት ሳይነቀል ከቆየ ይያያዛል፤ እርሱን ማላቀቅ አንዳንድ ጊዜ ብስክሌቱን ያበላሻል።

4ኛ/ የጎማ ልክ። «26 ቁጥር ጎማ» ማለት አንድ ልክ ብቻ አይደለም። የጥንቱ የእንግሊዝ 26 በ1 ከ3/8 ጎማ በቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ልክ 590 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የተራራ ብስክሌቱ 26 ደግሞ 559 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ለሌላው አይገባም። 28 በሚባለውም 635 እና 622 ሚሊ ሜትር የሆኑ የተለያዩ ልኮች አሉ። ስለዚህ በጎማው ላይ የተጻፈውን ሙሉ ቁጥር ሳንጠይቅ አንግዛ።

5ኛ/ የመለዋወጫ ጉዳይ። የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበት ቤት ጥርሱ እንደ አገሩ ይለያያል። የእንግሊዙ፣ የኢጣሊያውና የፈረንሳዩ አይገናኙም፤ ራሊም ለብዙ ዘመን የራሱን ልዩ ጥርስ ይጠቀም ነበር። የፈረንሳይ አሮጌ ብስክሌት በርካሽ ገዝቶ መለዋወጫው ሲጠፋ ማዘን የተለመደ ነው። ሻጭ የሆነ ሰውም ይህን ካወቀ ለገዥው ይንገረው።

6ኛ/ ሙከራ። የጥንቱ ባለ ሦስት ማርሽ ሞዞ ገመዱ በትክክል ካልተስተካከለ ፔዳሉ በድንገት ባዶውን ይሽከረከርና ጋላቢውን ሊጥል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በዝግታ፣ መኪና በሌለበት ቦታ እንሞክረው፤ ፍሬኑንም አስቀድመን እንፈትሽ።

7ኛ/ ዋጋ። የተጠየቀ ዋጋና የተሸጠ ዋጋ አንድ አይደሉም። አንድ ሰው 50,000 ብር ብሎ ስለ ለጠፈ ብቻ ብስክሌቱ ያን ያህል ያወጣል ማለት አይደለም። በእርግጥ በስንት እንደ ተሸጠ ማጣራት ያስፈልጋል።

ረ/ የገንዘብ ወጥመዶች

ዕቃው ደኅና ሆኖ እንኳ በአከፋፈሉ የሚጎዱ ብዙዎች ናቸው። በስልክ መክፈል ተስፋፍቷል፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህም እንደዚህ መክፈል ለብዙ ሰው ቀላል ሆኗል። አታላዮችም ይህንኑ ቅለት ይጠቀሙበታል። ሻጭ የሆንን እንደሆነ፣ «ገንዘቡን ልኬአለሁ» ተብሎ በሚታይ ፎቶ ወይም በሚመጣ አጭር መልእክት ብቻ ዕቃ አንስጥ። መልእክቱም ፎቶውም ሊቀነባበር ይችላል። የራሳችንን ሒሳብ ከፍተን ገንዘቡ መግባቱን እንይ። «በስሕተት ትርፍ ልኬብሃለሁና መልስልኝ» የሚልም ካለ ገንዘቡ በእውነት መግባቱን ሳናረጋግጥ አንዲት ሳንቲም አንመልስ።

ገዥ የሆንን እንደሆነ፣ ያላየነውን ብስክሌት «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፤ ቀብድ ፈጥነህ ላክ» ሲሉን አንቸኩል። ችኮላ የአታላይ ረዳት ነው። የምስጢር ቁጥራችንን ወይም በስልካችን የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አንስጥ፤ ገንዘብ ለመቀበል የእኛን የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ እውነተኛ ገዥ የለም። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም በፔይፓል ሲከፍሉ፣ ለወዳጅና ለቤተሰብ በሚለው መንገድ የተላከ ገንዘብ የግዢ ዋስትና እንደሌለው ይወቁ። ሻጩ በዚያ መንገድ ብቻ ካልተከፈለኝ ካለ መጠርጠር ይገባል።

ለመገናኘትም በቀን ብርሃን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ ቢቻል ከጓደኛ ጋር እንሂድ። ገዥው ብስክሌቱን ለመሞከር ሲወስድ ደግሞ ገንዘቡን ወይም ሌላ ማስያዣ አስቀምጦ ይሂድ። በዚህ የሚቀየም ሐቀኛ ሰው አይኖርም። በመጨረሻም የሁለቱም ስም፣ ዋጋው፣ የብስክሌቱ ቁጥርና የታወቁት ጉድለቶች የተዘረዘሩበት አጭር ውል ይጻፍ፤ ምስክርም ይፈርምበት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ተንኮል የገባበት ውል እንዲፈርስ ሊጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ነገር ግን ሕጉ የሚረዳው ማስረጃ ያለውን ሰው ነው።

ሰ/ የተሰረቀ ብስክሌት

ብዙ ብስክሌቶች የፔዳሉ ዘንግ ከሚያልፍበት ቤት ሥር የተመታ ቁጥር አላቸው፤ አንዳንድ የጥንቶቹ ላይ ቁጥሩ ከኮርቻው ሥር ወይም ከኋላ ጎማ መያዣው ላይ ይገኛል። ቁጥሩ በሞረድ የተፋቀ እንደሆነ፣ ዋጋው ከልክ በላይ የወረደ እንደሆነ፣ ሻጩም ብስክሌቱን ከየት እንዳገኘው ሲጠየቅ ቃሉ የሚለዋወጥ እንደሆነ፣ መተው ነው። በአሜሪካ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባይክ ኢንዴክስ የተባለ የብስክሌት ቁጥር መመዝገቢያ አለ፤ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሳይገዙ ቁጥሩን በዚያ ሊያጣሩ ይችላሉ። እኛም የራሳችንን ብስክሌት ቁጥር ዛሬውኑ በደብተራችን ብንጽፍ፣ በጠፋ ጊዜ የእኛ መሆኑን ማስረዳት እንችላለን።

«እኔ አልሰረቅሁም፤ በገንዘቤ ገዛሁ» ማለት አያድንም። የሚገዛ ባይኖር የሚሰርቅ አይኖርም። በርካሽ አገኘነው ያልነው ብስክሌት፣ አንድ ተማሪ ትምህርት ቤት የሚሄድበት፣ አንድ ሠራተኛ ልጆቹን የሚያበላበት ሊሆን ይችላል።

ሸ/ ያታለለ ሰው ምን ያድርግ?

ከመካከላችን ጉድለት ደብቆ የሸጠ፣ ወይም ያላዋቂን ዕቃ በማይገባ ዋጋ የወሰደ ቢኖር ተስፋ አይቁረጥ። ቀራጩ ዘኬዎስ (ሉቃስ ምዕራፍ 19) ጌታችን ቤቱ በገባ ጊዜ በአፉ ብቻ አልተጸጸተም፤ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ። ንስሐ በገበያም ላይ ፍሬ አላት። የገዛንን ሰው ስልክ ቁጥር ዛሬም በስልካችን እናገኘዋለን። ደውሎ፣ «ያ ብስክሌት ሹካው የተጠገነ ነው፤ አትንዳው፤ ገንዘብህን ልመልስ» ማለት ያሳፍራል፤ ነገር ግን ነፍስ ያድናል፤ የእርሱንም፣ የእኛንም። በንስሐ አባታችን ዘንድ ስንቀርብም ይህን እንደ ትንሽ ነገር አንዝለለው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 25 በከረጢት ውስጥ ትልቅና ትንሽ ሁለት ሚዛን መያዝን ትከለክላለች። የእኛ ዘመን ከረጢት ስልካችን ነው። ስንሸጥ የምንጽፈውና ስንገዛ የምንጽፈው ቃል የተለያየ ከሆነ ሁለት ሚዛን ይዘናል። ገዥውን ባናየውም እግዚአብሔር ሁለታችንንም ያያል፤ የማናየው ሰውም ባልንጀራችን ነው። ቃላችን የሚታመን ሲሆን፣ «ይህ የሰንበት ተማሪ ነው» ሲባል ቤተ ክርስቲያናችን አታፍርም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ያልተጠየቅነውን ጉድለት የመናገር ግዴታ አለብን? ትንሽ ጭረትና የተሰነጠቀ ሹካ በዚህ አንድ ናቸውን?
2. በጽሑፉ የተጠቀሱትን እናት ብስክሌት ብትገዙ ስንት ትከፍላላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።
3. ጓደኛችሁ ቁጥሩ የተፋቀ ብስክሌት ሊገዛ ቢያማክራችሁ ምን ትሉታላችሁ?
4. በየግላችሁ አንድ ያገለገለ ዕቃችሁን መርጣችሁ፣ ጉድለቱን ሳትደብቁ የሽያጭ ማስታወቂያ ጽፋችሁ በሚቀጥለው እሑድ አምጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።